የአጣዬና የሰንበቴ ሰላም፦ ዕርቅ ተደጋግሞ ስለፈረሰበት አንድ መንገድ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናን ከተሻገረ በኋላ ብርዱን ትቶ ወደ ቆላው ይወርዳል። ሸዋ ሮቢትን፣ ጀውሃን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬን፣ ካራቆሬንና ከሚሴን ተራ በተራ እየነካ የሚያልፈው ይህ መንገድ ለሹፌርና ለተሳፋሪ አንድ መንገድ ነው። በአስተዳደር ካርታ ላይ ግን ከሰሜን ሸዋ ዞን ወጥቶ ወደ ኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ይገባል፣ ተመልሶ ሰሜን ሸዋን ያቋርጣል፣ ከዚያም እንደገና ወደ ብሔረሰብ አስተዳደሩ ይዘልቃል። ሰንበቴ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ ስትሆን ከእርሷ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች አልፋ የምትገኘው አጣዬ ደግሞ የኤፍራታና ግድም ወረዳ መቀመጫ ናት። ሁለቱም ወረዳዎች በአማራ ክልል ውስጥ ናቸው። በመካከላቸው የሀገር ድንበር ቀርቶ የክልል ወሰን እንኳ የለም። ይሁንና ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት በሁለቱ ከተሞች ዙሪያ ያለው አካባቢ በሀገሪቱ የሰው ሕይወት በተደጋጋሚ ከጠፋባቸው ቦታዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል።

ከእያንዳንዱ ዙር ግጭት በኋላ ሽማግሌ ተቀምጧል፣ የሃይማኖት አባቶች ተገናኝተዋል፣ መድረክ ተዘጋጅቶ ሕዝብ ለሕዝብ ተነጋግሯል። ሰላም ወርዷል ከተባለ በኋላ ግን እንደገና ቤት ተቃጥሏል፣ እንደገና ሬሳ ተነሥቷል። ስለዚህ የዚህ ጥናት ዋና ጥያቄ ግጭቱ ለምን ተነሣ የሚለው ብቻ ሳይሆን ዕርቁ ለምን አልያዘም የሚለው ነው። የምሰጠው መልስ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ባህላዊው ዕርቅ የሚሠራው ገዳዩ ሲታወቅ ነው። ዓለም አቀፉና አህጉራዊው የሰላም ሥራ የሚሠራው ደግሞ ስምምነት የሚፈርሙ ተዋጊ ወገኖች ሲኖሩ ነው። የአጣዬና የሰንበቴ ጉዳይ ገዳዩ ያልተለየበት፣ ፈራሚም ያልተገኘለት በመሆኑ ከሁለቱም እጅ አመለጠ።

ቦታውና ሕዝቡ

የኤፍራታና ግድም፣ የቀወትና የጅሌ ጥሙጋ ቆላ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ የሚመረትበት ነው። በተለይ ማሾ ከሸዋ ሮቢት አካባቢ እየተጫነ ወደ ውጭ ገበያ የሚሄድ ምርት በመሆኑ የብዙ ገበሬ የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ነው። በቦርከና ወንዝ ተፋሰስ ያለው የጨፋ ረግረግ በበጋ ወራት ሣር የማያጣ በመሆኑ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም ከብቱን እየነዳ ይመጣበታል። የሰንበቴ የእሑድ ገበያ ደግሞ ከጥንት ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ከመንዝ ደጋ የወረደ ገበሬና ከቆላው የመጣ አርብቶ አደር ፊት ለፊት የሚገናኙት እዚያ ነው። አማራውና ኦሮሞው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአምቻና በጋብቻ የተሳሰረ፣ በሐዘን ጊዜ በእድርና በቅሬ የሚቀባበር ሕዝብ ነው። የብዙ ቤተሰብ ዘመድ በወሰኑ በወዲህም በወዲያም ይኖራል።

ይህን የምጽፈው ድሮ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር ለማለት አይደለም። በግጦሽ፣ በውኃና በከብት ስርቆት ምክንያት ሰው ይገዳደል እንደነበረ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። ልዩነቱ ያኔ የሞተው ሰው ደም የአንድ ቤተሰብ ወይም የአንድ ጎሣ ጉዳይ ሆኖ የሚያልቅበት መንገድ የነበረ መሆኑ ነው። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ አስተዳደሩ በብሔረሰብ ላይ ተመሥርቶ ሲዋቀር በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሞ ሕዝብ የራሱን ዞን አገኘ። ይህ ሕዝቡ በቋንቋው እንዲማርና እንዲዳኝ ያስቻለ መብት ስለሆነ በጸጸት የሚነሣ ነገር አይደለም። ይሁንና ሁለቱ አስተዳደሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ በጋራ የሚኖሩበትን ሥርዓት፣ ማለትም የጋራ ፖሊስን፣ የጋራ ችሎትን፣ የጋራ ገበያ ጥበቃን አብሮ ያበጀ አልነበረም። የእርሻ ማሳ ጠብ ቀስ በቀስ የወረዳ ከወረዳ፣ ከዚያም የብሔር ከብሔር ጠብ የመሆን ዕድሉ የሰፋው በዚህ ክፍተት ነው።

የሆነው ነገር

የመጀመሪያው ትልቅ ዙር የተነሣው በመጋቢት 2011 መጨረሻ ነበር። በአጣዬ፣ በካራቆሬ፣ በማጀቴና በከሚሴ አካባቢ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ቤቶችና የእምነት ቦታዎች ተጎዱ፣ የመከላከያ ሠራዊት ገባ። ሁለተኛው ዙር ዓርብ መጋቢት 10 ቀን 2013 ተቀሰቀሰ፤ በጊዜው በሰፊው የተዘገበው መነሻ የአንድ የሃይማኖት አባት በጥይት መገደል ነው። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2013፣ ግጭቱ ከቀድሞው በከፋ ሁኔታ ተመልሶ መጣ። የአጣዬ ከተማ ሰፊ ክፍል ተቃጠለ፤ ነዋሪዋ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። በጅሌ ጥሙጋ በኩልም ቤቱ የተቃጠለበትና የተፈናቀለ ሕዝብ ብዙ ነበር። የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በመጋቢቱ ግጭት ከ300 በላይ፣ በሚያዝያው ደግሞ እስከ 200 የሚደርሱ ሰዎች ሳይሞቱ እንዳልቀሩ አስታወቀ። በአካባቢው የተፈናቀለው ሰው ቁጥር ከ200 ሺህ በላይ ነበር። መንግሥት ሚያዝያ 10 ቀን አካባቢው በኮማንድ ፖስት ሥር እንዲተዳደር ወሰነ፤ በአማራ ክልል ከተሞችም ሕዝብ ለተቃውሞ አደባባይ ወጣ።

ማን አደረገው የሚለው ጥያቄ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት መልስ አለው። የአማራ ክልል ባለሥልጣናት ጥቃቱን የፈጸመው መንግሥት ሸኔ የሚለው ታጣቂ ቡድን ነው አሉ። ከብሔረሰብ አስተዳደሩ በኩል ደግሞ የክልሉ ልዩ ኃይል ሰላማዊ ሰዎችን ገድሏል የሚል ክስ ቀረበ። ሁለቱም ሕዝብ ተቀብሎት፣ በችሎት ተፈትኖ የጸና አንድ የድርጊቱ ትረካ እስከ ዛሬ የለም። ይህን ነጥብ ከታች እመለስበታለሁ፤ የዕርቁ መፍረስ ትልቁ ምክንያት እርሱ ነውና።

ስድስት ወር ያህል እንዳለፈ የሰሜኑ ጦርነት ራሱ ወደ አካባቢው መጣ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 በመላ ሀገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሕወሓት ኃይል ከሚሴን፣ አጣዬንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደረሰ፣ በኅዳር መጨረሻም ወደ ኋላ ተመለሰ። ከቃጠሎው ያላገገመችው አጣዬ ለሁለተኛ ጊዜ ባዶዋን ቀረች። በጥር 2015 ደግሞ በጅሌ ጥሙጋና በኤፍራታና ግድም ወረዳዎች እንደገና ተኩስ ተከፈተ፣ ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ፣ መንገዱ ተዘጋ።

ሽምግልናው የሚችለውና የማይችለው

በወሎና በሰሜን ሸዋ ቆላማ ወረዳዎች ደም የሚያደርቁ፣ አበጋር የሚባሉ ሽማግሌዎች አሉ። አበጋርነት በብዙ ቦታ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሲሆን ሰውየው በዱዓውና በእውነተኛነቱ የተከበረ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቃሉን የሚሰማለት መሆን አለበት። አሠራሩን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። ሰው ሲገደል መጀመሪያ የሚደረገው ዕርቅ ሳይሆን ማለያየት ነው፤ ገዳዩና የቅርብ ዘመዶቹ ከአካባቢው ይርቃሉ፣ ሽማግሌዎች ወደ ሟች ቤተሰብ ሄደው ደም ለመመለስ እንዳይነሡ ጊዜ ይለምናሉ። ልመናው በአንድ ቀን አይሳካም፤ ተመላልሰው፣ ደጅ ጠንተው፣ አንዳንዴም ተሰድበው የሚያገኙት ነው። የሟች ወገን እሺ ሲል የካሳው ድርድር ይቀጥላል፤ መክፈል ያለበት ገዳዩ ብቻ ሳይሆን ዘመዱ ሁሉ ነው። በዕርቁ ዕለት ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል፣ ከብት ይታረዳል፣ ሁለቱ ወገኖች ከእንግዲህ ላይፈላለጉ በየእምነታቸው ይምላሉ። መሐላውን ያፈረሰ በሽማግሌዎቹ ርግማንና በጎረቤቱ ሁሉ መገለል ይቀጣል።

ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ ሰው ያድናል። በ2013ቱ ቃጠሎ መካከል እንኳ ጎረቤቱን በቤቱ ደብቆ ያተረፈ፣ የሸሸውን ወገን ከብት ጠብቆ ያቆየ ሰው በሁለቱም በኩል እንደነበረ ይነገራል፤ ይህን ያደረገው የመንግሥት ትእዛዝ ሳይሆን የኖረበት ቃል ኪዳን ነው። ነገር ግን የሥርዓቱ ምሰሶዎች ምን እንደሆኑ ልብ ይሏል። ገዳዩ ይታወቃል። ገዳዩ ዘመድ አለው፣ ዘመዱም ኃላፊነቱን ይቀበላል። ሟችም ገዳይም በአንድ ሽማግሌ ቃል ሥር ናቸው። አውቶማቲክ መሣሪያ የታጠቀ፣ በሌሊት መጥቶ በሌሊት የሚሄድ ቡድን ሲገድል ከእነዚህ ውስጥ አንዱም የለም። ድንጋይ የሚሸከም ሰው አይገኝም፤ ካሳ የሚያዋጣ ዘመድ አይገኝም። አበጋሩ የሚያስታርቀው ታዲያ ማንን ነው? ያልገደለውን ጎረቤት ካልገደለው ጎረቤት ጋር ነው። ሁለቱም በመድረኩ ላይ ከልባቸው ይተቃቀፋሉ፣ ሁለቱም ሲመለሱ የልጃቸው ገዳይ በነፃነት እየሄደ እንደሆነ ያውቃሉ።

አባቶቻችን ወንጀለኛው ያልታወቀበትን ሁኔታም አስበውበት ነበር። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው ሥርዓት የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱና ወደ ሥራው ሳይመለስ ይቆይ ነበር። ሥርዓቱ ንጹሑንም ከሥራ የሚያስፈታ፣ በጥላቻ የሚጠቋቆሙበትም ስለነበር ይመለስ የምል አይደለሁም። ሆኖም አንድ ነገር ያረጋግጥልናል፦ በአባቶቻችን ሥርዓት እውነት ማውጣት ከዕርቅ ይቀድም ነበር። ከ2011 ወዲህ የተደረጉት መድረኮች ይህን ቅደም ተከተል ገለበጡት። የሆነው ሳይጣራ፣ ያጠፋው ሳይለይ፣ ሕዝቡ ይቅር እንዲባባል ተጠየቀ። ይቅርታውን ማን ለማን እንደሚሰጥ ግልጽ ሳይሆን የተሰጠ ይቅርታ የሚቀጥለውን ዓርብ እንኳ አይሻገርም።

ከውጭ የመጣው ሰላም

የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና የጸጥታ ምክር ቤት መቀመጫው አዲስ አበባ ነው። ምክር ቤቱን ያቋቋመው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀው ፕሮቶኮል በ12ኛው አንቀጹ የአህጉር ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንዲቋቋም ይደነግጋል። የምሥራቅ አፍሪካ ሀገራት ድርጅት የሆነው ኢጋድም በዚያው ዓመት በተፈረመ ፕሮቶኮል ሴዋርን የተባለውን የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያና ምላሽ ተቋም መሥርቷል፤ እርሱም መቀመጫው አዲስ አበባ ነው። ከእነዚህ ተቋማት እስከ አጣዬ ያለው መንገድ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአውቶቡስ የአንድ ቀን ጉዞ እንኳ አይሆንም። ርቀቱ በሕግ ሲለካ ግን ሰፊ ነው። ሴዋርን ሲመሠረት ትኩረቱ ድንበር በሚሻገሩ የአርብቶ አደር ግጭቶች ላይ ነበር። የኅብረቱ መመሥረቻ ሰነድም አንድ አባል ሀገር በሌላው የውስጥ ጉዳይ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ኅብረቱ ራሱ ያለ ሀገሩ ጥያቄ ጣልቃ የሚገባው የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲደርስ፣ በመሪዎች ጉባኤ ውሳኔ ብቻ ነው። በአንድ ክልል ውስጥ ባሉ ሁለት ወረዳዎች መካከል ያለ ደም በዚህ ሁሉ ወንፊት አያልፍም።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ይህን ጉድለት በግልጽ ያሳያል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፌዴራል መንግሥትና ሕወሓት በኦሉሴጉን ኦባሳንጆ፣ በኡሁሩ ኬንያታና በፉምዚሌ ምላምቦ ንግኩካ አደራዳሪነት ግጭትን በዘላቂነት ለማቆም ፈረሙ። የኅብረቱ የክትትልና የማረጋገጥ ቡድን መቀሌ ገባ። ያን ያህል ሕይወት የቀጠፈ ጦርነት በድርድር መቆሙ ለዚህ አህጉር ትልቅ ነገር ነው፤ ሊቃለል አይገባም። ሆኖም ከፊርማው በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ በሰንበቴና በአጣዬ መካከል ተኩስ ተከፈተ። ያንን የሚከታተል ቡድን አልነበረም፤ ምክንያቱም ያንን ግጭት ለማቆም የፈረመ ወገን አልነበረም። ስምምነቱ የተዋጊዎችን ጦርነት ዘግቷል፤ ጦርነቱ ያለፈበትን መንደር ቁስል የሚነካ ሐረግ ግን በአካባቢው ላይ ተፈጻሚ አልሆነም።

አራቱ ሳምንታት

ስለ ግጭት መከላከል ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ችግሩ መረጃ ማጣት እንደሆነ ይገመታል። የ2013ቱ ጉዳይ ይህን ያፈርሳል። ከመጋቢት 10 እስከ ሚያዝያ 8 ያሉት አራት ሳምንታት የማስጠንቀቂያ ጊዜ አልነበሩም፤ ማስጠንቀቂያው ራሱ፣ ከ300 በላይ ሬሳ ሆኖ፣ አስቀድሞ ደርሶ ነበር። ሠራዊት ነበር፣ ባለሥልጣናት ተመላልሰዋል፣ ውይይትም ተጀምሮ ነበር። የጎደለው ምላሹን የሚሰጥ አንድ ባለቤት ነው። የሰሜን ሸዋ ፖሊስ የሚጠራው ከደብረ ብርሃን፣ የብሔረሰብ አስተዳደሩ ፖሊስ ከከሚሴ ነው፣ በ2015 የፈረሰው ልዩ ኃይል ተጠሪነቱ ለክልሉ ነበር፣ የመከላከያው ለፌዴራል መንግሥት ነው። በሰንበቴና በአጣዬ መካከል አንድ እረኛ ቢገደል የሁለቱ ወረዳ ሰዎች አብረው ሄደው የሚያጣሩበት፣ የተያዘውን የሚዳኙበት አንድ ጠረጴዛ አልነበረም። ስለዚህ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ታጣቂ አመነ፤ የአንዱ ጠባቂ ለሌላው አጥቂ መስሎ ታየው። እዚህ ላይ ወሬ ከጥይት የፈጠነ ጉዳት አድርሷል፤ በአንዱ ከተማ የሆነው በሌላው ከተማ የሚሰማው በማኅበራዊ ሚዲያ፣ በቁጣ የተጻፈ ሆኖ ነውና።

በኬንያ ሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው የዋጂር ተሞክሮ እዚህ ላይ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጎሣዎች ግጭት አካባቢውን ሲያምስ ዴካ ኢብራሂም አብዲና ሌሎች ሴቶች ሥራቸውን የጀመሩት ከገበያው ነበር፤ የየትኛውም ጎሣ ሴት ያለ ስጋት እንድትሸጥና እንድትገዛ የሚከታተል ኮሚቴ አቋቋሙ፣ በገበያ የተነሣ ጠብ እዚያው እንዲፈታ አደረጉ። ከዚያ ሽማግሌዎችን፣ ወጣቶችን፣ በመጨረሻም የመንግሥትን ሹማምንትና ፖሊስ አስገብተው እ.ኤ.አ. በ1995 የዋጂር የሰላምና የልማት ኮሚቴ ተመሠረተ። አንድ ጥቃት ሲደርስ ሽማግሌውም ፖሊሱም በአንድ መኪና ወደ ቦታው ይሄዱ ነበር። ይህ አሠራር በኋላ በኬንያ ሌሎች አውራጃዎችም ተስፋፋ።

ዋጂርን እንዳለ አምጥቶ ሰንበቴ ላይ መትከል አይቻልም። እዚያ ጎሣው ለአባሉ ጥፋት የሚጠየቅ አካል ነበር፤ እዚህ ግን ታጣቂው ከሽማግሌው ቃል ውጭ ነው፣ ጉዳዩም ከሀገራዊ ፖለቲካ ጋር ተጣብቋል። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል የሚካሄደው ጦርነት ደግሞ ሰሜን ሸዋን ከዋና ሜዳዎቹ አንዱ ስላደረገው ሽማግሌ እንኳ እንደ ልቡ መንገድ አይሄድም። ቢሆንም ከዋጂር ሁለት ነገር መውሰድ ይቻላል፦ ሥራው ከጉባኤ አዳራሽ ሳይሆን ከገበያ መጀመሩ፣ ሽምግልናና ፖሊስም በአንድ ኮሚቴ መቀመጣቸው። የሰንበቴ የእሑድ ገበያ ከሁለቱም ወረዳ በተውጣጡ፣ ሴቶች በሚበዙበት ኮሚቴ ቢጠበቅ፣ ኮሚቴውም የሁለቱን ወረዳ ፖሊስ ያለ ዞን ፈቃድ የመጥራት ሥልጣን ቢኖረው አነስተኛ ወጪ ያለው፣ ውጤቱ በሳምንት በሳምንት የሚታይ ሥራ ይሆናል።

እውነቱን የማውጣት ሥራ

በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ሥልጣኑ በሀገር ደረጃ ያሉ መሠረታዊ ልዩነቶች ላይ ማመካከር ነው፤ የአጣዬን ገዳይ ወይም የጅሌን ገዳይ ፈልጎ ማውጣት ሥራው አይደለም። ለዚህ የቀረበው በሚያዝያ 2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ነው፤ ክስን፣ እውነት ማፈላለግን፣ ካሳንና ባህላዊ ሥርዓቶችን በአንድ ላይ ያነሣል። በእኔ አስተያየት ፖሊሲው በዚህ አካባቢ ሥራ ላይ ሊውል የሚገባው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የሟቾች መዝገብ ይዘጋጃል፣ ቀጥሎ አጥፊው ተለይቶ የሚከሰሰው ይከሰሳል፣ ከዚያ ካሳ ይከፈላል፣ በመጨረሻ አበጋሮቹ ይቀመጣሉ። ያልታወቀ ገዳይ የገደለው ሰው ካሳ የመንግሥት ኃላፊነት መሆን አለበት፤ ዜጋውን መጠበቅ ያልቻለው እርሱ ነውና፣ በባህሉም ካሳ ሳይከፈል የደረቀ ደም የለም።

የመዝገቡ ሥራ ከሚመስለው የቀለለ ነው። በሁለቱም ወገን ማን እንደሞተ፣ መቼ እንደተቀበረ፣ ማን እንደቀበረው አስቀድሞ የተጻፈበት ቦታ አለ፤ እድሮችና ቅሬዎች የአባሎቻቸውን ሐዘን ይመዘግባሉ። የአጣዬ፣ የካራቆሬ፣ የማጀቴ፣ የጀውሃና የሰንበቴ እድሮችና ቅሬዎች መዝገባቸውን ከሁለቱም ወረዳ በተመረጡ ሰዎች ፊት ቢያቀርቡ፣ እያንዳንዱ ስም በሁለቱም ወገን ታዛቢ ቢፈረምበት፣ የአንዱ ሟች በሌላው ፊት የሚካድበት ሁኔታ ይቀራል። ለዚህ የውጭ ገንዘብም የውጭ ባለሙያም ብዙ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሁለቱ ወረዳ አስተዳዳሪዎች ትብብር፣ ለመዝጋቢዎቹ ደኅንነት የሚሰጥ ዋስትናና መዝገቡን ተቀብሎ ለፍትሕ አካል የሚያስተላልፍ አንድ ተጠያቂ ተቋም ነው፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በሕግ የተሰጠው የመመርመር ሥልጣን ስላለው ለዚህ ኃላፊነት ከሁሉም የቀረበ ነው።